ና ባይ ገንዳ፣ አትድረስብኝ ባይ ሽቦ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ፈረስ ነው።

ልጅ ሆኜ አዊ ውስጥ ፈረስ ወደ ወንዝ የማወርደው እኔ ነበርኩ። ፈረሱ አንገቱን ደፍቶ ሲጠጣ አጠገቡ ቆሜ አፏጭለታለሁ። ለምን እንደሚፏጭ ያስረዳኝ ሰው የለም፤ አባቴ ያፏጭ ነበር፣ አያቴም። ዓይኔ ግን ጆሮው ላይ ነው። ፈረስ በጎነጨ ቁጥር ጆሮው ውልብ ይላል፤ የታዘበ ያውቀዋል። ቤት ስመለስ አባቴ «ጠጣ ወይ?» አይለኝም። «ስንት ጎነጨ?» ነው የሚለኝ። ሳልቆጥር ከመጣሁ ፈረሱን ይዤ እንደገና ቁልቁል ነው።

ከዚያ ወንዝ እስከ ሚድልበርግ መስክ ያለው መንገድ ረጅም ስለሆነ ዛሬ አልተርከውም። ሰሜን ቨርጂኒያ ከመጣሁ በኋላ ዘጠኝ ዓመት የሰው ፈረስ ጋጣ ጠርጌአለሁ፤ አሁን የራሴ ሁለት ፈረሶች አሉኝ። ከእናንተም መካከል ላውደንና ፎኪር ካውንቲ የፈረስ እርሻ ላይ የምትሠሩ አላችሁ። በታክሲ ሥራ ባጠራቀማችሁት ገንዘብ አምስት ኤከር ገዝታችሁ «ልጆቼ ፈረስ ይወቁ» ያላችሁም አላችሁ። ሁላችንንም የሚያገናኙን ሁለት ዕቃዎች ናቸው። አንዱ ውሃው በጎደለ ቁጥር ራሱን የሚሞላ ማጠጫ ነው፤ ሌላው የኮረንቲ አጥር። ሁለቱም ጉልበትና ጊዜ ይቆጥባሉ፤ ሁለቱም ባልታሰበ ቀን ፈረስ ይገድላሉ።

ነገሩን እንዲህ አስቡት። ማጠጫው ፈረሱን «ና» ይለዋል። አጥሩ «አትድረስብኝ» ይለዋል። ፈረስ ሁለቱንም ቃል ጠንቅቆ ይሰማል፣ የሰማውንም አይረሳም። መከራው የሚመጣው ገንዳው በአጥሩ ድምፅ የተናገረ ዕለት ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ገንዳ የነደፈው ፈረስ ገንዳ ይሸሻል።

አንድ ጥር ላይ፣ ብርዱ አጥንት ሰብሮ በሚገባበት ሳምንት፣ እሠራበት የነበረ እርሻ አዲስ ማጠጫ አስገባ። ውሃው በረዶ እንዳይሆን ውስጡ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለው። ባልዲዎቹን ሰበሰብን። በዚያ ብርድ ባልዲ መሸከም ቀረልን ብለን ደስ አለን። በሦስተኛው ቀን አንዲት ዳማ ባዝራ ድርቆሿን ትታ ቆመች። ፋንድያዋ አንሷል፣ ደርቆም ጠጠር መስሏል። ለእርሻው ኃላፊ ነገርኩት። ሄዶ ማጠጫውን አየና «ውሃው እኮ ሙሉ ነው» አለኝ።

ይህችን ንግግር ያዙልኝ። ጠዋት የሞላችሁት ባልዲ ማታ ሙሉ ሆኖ ካገኛችሁት ትደነግጣላችሁ፤ ፈረሱ አልጠጣም ማለት ነው። ይህ ዕቃ ግን ፈረሱ ቢጠጣም ሙሉ ነው፣ ባይጠጣም ሙሉ ነው። ስንት ጎነጨ ብላችሁ ብትጠይቁት መልስ የለውም።

ቆሜ አየኋት። ወደ ገንዳው ሄደች፤ አፍንጫዋን ዝቅ አደረገች፤ የከንፈሯ ጠጉር ውሃውን ሲነካ ጭንቅላቷን ወርውራ ወደ ኋላ ሸሸች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ሞከረች፣ ደግሞ ሸሸች። እኔ እጄን ውሃው ውስጥ ከተትኩ፤ ምንም አልተሰማኝም። ምክንያቱ የገባኝ ኋላ ነው። እኔ የጎማ ቦቲ አድርጌአለሁ። እሷ ግን በአራት የብረት ጫማ ርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆማ፣ በርጥብ ከንፈሯ ነው የምትነካው። የማሞቂያው ሽፋን ተልጦ ኮረንቲ ወደ ውሃው ያፈስስ ነበር፤ የመሬት መስመሩም በወጉ አልታሰረም። ሐኪም ተጠራ። አንጀቷ በደረቅ መኖ ተደፍኖ ነበር። በአፍንጫዋ ቱቦ ገብቶ ውሃና ዘይት ተሰጣት፣ ሌሊቱን አብሬያት አደርኩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈች። ታሪኳ አላለቀም፤ እመለስበታለሁ። እናንተ ግን እንደኔ እጃችሁን አትክተቱ። ያፈሰሰው ኮረንቲ ትንሽ ስለነበረ ነው ዛሬ እዚህ ቆሜ የማወራው።

ፈረስ ምን ያህል ውሃ ይፈልጋል? አምስት መቶ ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ሥራ ያልበዛበት ፈረስ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ይጠጣል፤ በዚህ አገር መለኪያ ከ5 እስከ 10 ጋሎን መሆኑ ነው። ሙቀት ሲበረታ፣ ሲሠራ፣ ባዝራ ስታጠባ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ለምለም ሣር አብዛኛው ውሃ ስለሆነ መስክ ላይ የዋለ ፈረስ ጥቂት ቢጠጣ አያስደነግጥም። ክረምት ላይ ነው የሚያስፈራው። ክረምት ስል የዚህን አገር በረዶ ማለቴ ነው፤ የኛን ዝናብ አይደለም። ያኔ የሚበላው ድርቆሽ ነው፤ ድርቆሽ ውስጥ ያለው ውሃ ከመቶ አሥር አሥራ አምስት እጅ ቢሆን ነው። ብዙ መጠጣት በሚገባው ወቅት ውሃው ስለሚቀዘቅዝበት የሚጠጣው ያንሳል። ፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ1994 ያሳተሙት ጥናት ድንክ ፈረሶች በብርድ ወቅት ውሃው ሲሞቅላቸው አብዝተው እንደሚጠጡ አሳይቷል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።) ስለዚህ ማሞቂያው ቅንጦት አይደለም፤ ባዝራዋን የጎዳው አገጣጠሙ ነው።

ስለ ማጠጫው ራሱ ደግሞ ስዊድን ውስጥ ተጠንቶ በ2001 የታተመ ሥራ አለ። ፈረሶቹ ባልዲና ራሱን የሚሞላ ማጠጫ ጎን ለጎን ሲቀርብላቸው ባልዲውን መረጡ። አልገረመኝም። ፈረስ አፉን ውሃው ውስጥ ነክሮ በረጅሙ መሳብ ይወዳል። ጎድጓዳው ትንሽ ሆኖ ውሃው በቀጭኑ ሲመጣ፣ ያውም በተከፈተ ቁጥር ሲጮህ፣ ትዕግሥቱ ያልቃል። ማጠጫ ስትገዙ የጎድጓዳውን ስፋትና የውሃውን አመጣጥ አይታችሁ ግዙ። ሻጩ ስለ ቀለሙና ስለ ዋስትናው ብዙ ያወራችኋል፤ አውርቶ ይጨርስ።

አዲስ ማጠጫ ያስገባ ሰው ባልዲውን ወዲያው እንዳያነሳ። እኛ የሠራነው ትልቁ ጥፋት ይህ ነበር። ሁለት ሦስት ሳምንት ባልዲው አጠገቡ ይቀመጥ፤ እያንዳንዱ ፈረስ ከማጠጫው ሲጠጣ በዓይናችሁ እስክታዩ ድረስ። አቅም ያለው በየመስመሩ ትንሽ የውሃ ቆጣሪ ያስገባ፤ ዋጋው ከአንድ የሐኪም ጉብኝት ያንሳል፣ ጠዋት ጠዋት ቁጥሩን ጽፎ መያዝ ነው። ቆጣሪ የሌለው ፋንድያውን ያንብብ፤ የፈረሱን ድድ በጣቱ ነክቶ ይድረቅ ይርጠብ ይወቅ። መንጋ ከሆነ ደግሞ ማጠጫው ከማዕዘን ይራቅ። ጉልበተኛው ፈረስ ማዕዘን ላይ ከቆመ ደካማው ቀኑን ሙሉ በጥም ይውላል፤ እናንተ ግን ቆጣሪው ስለዞረ ሁሉም የጠጡ ይመስላችኋል። ጽዳቱን ለመናገር አፍራለሁ፣ ግን ልናገር፤ የሞተ ድንቢጥ ከማጠጫ ውስጥ አውጥቼ አውቃለሁ። ያን ውሃ እናንተም አትጠጡትም።

አሁን ወደ ኮረንቲው። ማሞቂያው የራሱ ብሬከርና የራሱ ጂኤፍሲአይ ይኑረው። ጂኤፍሲአይ ከሄደው ኮረንቲ 5 ሚሊአምፔር ያህል ሳይመለስ ሲቀር መስመሩን ይቆርጣል፤ የሰው ነፍስ ያድናል። ነገር ግን ከዚያ በታች የሚያፈስሰውን ዝም ብሎ ያሳልፈዋል፣ ፈረስ ደግሞ ከዚያ በታች ያለውም ይሰማዋል። ስለዚህ ጂኤፍሲአይ አለኝ ብሎ መተኛት የለም። ሌላም ጣጣ አለው፤ ሌሊት ከቆረጠ ማሞቂያው ይሞታል፣ ጠዋት የምታገኙት በረዶ ነው።

ከሽቦው ይልቅ የሚረሳው ሲሚንቶው ነው። ፈረሱ የሚቆምበት ሲሚንቶ ውስጥ ያለው የብረት መረብ፣ የማጠጫው ብረትና የመሬት መስመሩ አንድ ላይ መታሰር አለባቸው። ኮረንቲ የሚነድፈው በሁለት ቦታ መካከል ልዩነት ሲኖር ነው። ኮቴው የቆመበትና ከንፈሩ የሚነካው እኩል ከሆኑ፣ ጥቂት ቮልት ቢመጣ እንኳ ፈረሱን አቋርጦ የሚሄድበት ምክንያት የለውም። ሲሚንቶው ከመፍሰሱ በፊት ኤሌክትሪሺያን ጥሩ፤ ከፈሰሰ በኋላ የሚጠራው ድንጋይ ሰባሪ ነው።

ጥርጣሬ ከገባችሁ የሚለካው በቮልት መለኪያ ነው። አንዱ ጫፍ ውሃው ውስጥ፣ ሌላው ፈረሱ የሚቆምበት ርጥብ ሲሚንቶ ላይ፣ በጠፍጣፋ ብረት ተጭኖ። አንድ ሁለት ቮልት ካነበበ ነገር አለ። ከዚያ ምንጩን ፍለጋ ነው። መጀመሪያ የማሞቂያውን ብሬከር አጥፉ፤ ንባቡ ከጠፋ ሌባው ተያዘ። ካልጠፋ የግቢውን ዋና ማጥፊያ አጥፉ። ያም ጠፍቶ ቮልቱ ካለ ከውጭ፣ ከመንገዱ መስመር በመሬት በኩል እየመጣ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ለመብራት ኩባንያው መደወል ነው። ተራ መለኪያ ግን የአጥሩን ምት በደንብ አይዝም፤ በጣም አጭር ነው። ስለዚህ አጥሩን አጥፍታችሁ ቆማችሁ ፈረሱን እዩ። አጥሩ ሲጠፋ ጠጥቶ፣ ሲበራ ከሸሸ፣ ጥፋቱ ከአጥሩ ነው።

የኮረንቲ አጥር ታሪኩ ከፈረስ ጀምሮ ነው የሚተረከው። በ1930ዎቹ ኒውዚላንድ ውስጥ ቢል ጋላገር የሚባል ገበሬ ነበር። ጆ የተባለው ፈረሱ የጌታውን መኪና ማከኪያ አደረገው፤ ገላውን እየፈተገ መኪናውን ያወዛውዘዋል። ጋላገር መኪናው ሲወዛወዝ ፈረሱን የሚነዝር መስመር ዘረጋበት። ፈረሱ ማከኪያ ለወጠ፣ ጋላገር ደግሞ ሥራ ለወጠ፤ ስሙ ዛሬም በአጥር መሣሪያዎች ላይ አለ። በ1962 እዚያው አገር ደግ ፊሊፕስ የተባለ ተመራማሪ ሣር ሲነካው በቀላሉ የማይደክም መሣሪያ ሠራ። ዛሬ የምንገዛቸው የእሱ ሥራ ልጆች ናቸው።

ኮረንቲውን ወደ አጥሩ የሚልከውን መሣሪያ እዚህ «ቻርጀር» ይሉታል። ባትሪ ቻርጅ የሚያደርግ ዕቃ አይደለም፤ ስሙ እንዳያሳስታችሁ። ሥራው ኮረንቲን አጠራቅሞ በጣም አጭር በሆነ ምት መልቀቅ ነው፤ በሰከንድ ቢበዛ አንድ ጊዜ። ቮልቱ ብዙ ሺህ ነው፣ የምቱ ጉልበት ግን የተገደበ ነው፤ ዓለም አቀፉ ደረጃ ከ5 ጁል በላይ አይፈቅድም። በምትና በምት መካከል ያለችው ሰከንድ ናት ሕይወት የምታተርፈው። የነካው ሰው ወይም እንስሳ ጡንቻው ይለቅና ይላቀቃል። የቤት ኮረንቲ ይህች ሰከንድ የለችውም፤ ይዞ አይለቅም። ስለዚህ ከቤት ሶኬት በቀጥታ ሽቦ ስቦ አጥር ላይ ማሰር አጥር ማጠር አይደለም፣ ወጥመድ መዘርጋት ነው። አገር ቤት ላለ ዘመዳችሁ መሣሪያ የምትልኩም የዚህ አገር 120 ቮልት፣ የዚያ 220 መሆኑን አትርሱ፤ «አልሠራ አለኝ» ብሎ ሽቦውን ሶኬት ላይ እንዳይሰካው ቀድማችሁ ንገሩት።

እሾሃማ ሽቦ ላይ ኮረንቲ አይለቀቅም። የተያዘ እንስሳ መላቀቅ አይችልም፣ በየሰከንዱ እየተመታ ይገነጠላል። ሁለት መሣሪያ አንድ ሽቦ ላይ አይታሰርም፤ ምቶቹ ይደራረቡና ያቺ ሰከንድ ትጠፋለች። ማስጠንቀቂያ ምልክት መንገድ ዳር ይሰቀል፤ የጎረቤት ልጅ አማርኛ አያነብም፣ በእንግሊዝኛ ጻፉት።

ለፈረስ ሲሆን ደግሞ ቀጭን ሽቦ አልወድም። ላም አይታ ትቆማለች፣ ፈረስ ደንግጦ ይሮጣል፤ የሚሮጥ ፈረስ ቀጭን ሽቦ አይታየውም፣ ሽቦው ደግሞ እንደ ቢላ ነው። አራት ሳንቲሜትር ያህል የሚሰፋ ነጭ ሪባን ወይም ወፍራም ገመድ ይሻላል፤ ነጩ ከሣሩ አረንጓዴ ይለይለታል። መንገድ የሚያዋስነው የውጭው አጥር ግን የእንጨት ይሁን፤ ኮረንቲው ከውስጥ ይከተል። አዲስ ፈረስ በቀን ብርሃን፣ ብቻውን፣ ጠባብ ቦታ ላይ አጥሩን ይተዋወቀው። አንዳንዱ ሰው በቶሎ ይማር ብሎ አጥሩ ላይ ፖም ያንጠለጥላል። አታድርጉት። «ና» ብሎ ጠርቶ መምታት ከሰውም አያምርም።

መሬት ውስጥ የሚተከሉት ዘንጎች የአጥሩ ግማሽ አካል ናቸው። ምቱ በሽቦው ይሄዳል፣ በፈረሱ ይወርዳል፣ በአፈር ውስጥ አድርጎ ወደ ዘንጎቹ ይመለሳል። እዚህ አገር ነሐሴ ላይ አፈሩ ሲደርቅ ያ መንገድ ይዘጋል፤ ሽቦው ሙሉ ቮልት እያሳየ ፈረሱ ምንም አይሰማውም። በክረምት ደግሞ ብርድ ልብስ የለበሰ ፈረስ ደረቱ ላይ ቢነካውም አይሰማው። የተለመደው አሠራር ሁለት ሜትር ገደማ የሚገቡ ሦስት ዘንጎች፣ በሦስት በሦስት ሜትር ርቀት ነው። በሳምንት አንዴ የአጥር መለኪያ ይዛችሁ እስከ መጨረሻው ጫፍ ሂዱ፤ ከ2,000 ቮልት በታች ካነበበ ፈረስ አያከብረውም።

ሁለቱ ዕቃዎች የሚገናኙት እዚህ ዘንግ ላይ ነው፤ የዛሬው ንግግሬም ለዚህች ነጥብ ሲባል የመጣ ነው። የአጥሩ ዘንጎች ከቤቱ የኤሌክትሪክ መሬት መስመር ቢያንስ አሥር ሜትር ይራቁ። ከውሃ ቧንቧና ከጉድጓዱ የብረት መያዣም እንደዚያው። ብዙ ሰው ዘንግ መትከል ሲሰለቸው መሣሪያውን ከቧንቧ ጋር ያስረዋል፤ ቧንቧ መሬት ውስጥ ነው፣ ምን ልዩነት አለው ይላል። ልዩነቱ ያ ቧንቧ ሄዶ ሄዶ ማጠጫው ውስጥ ብቅ ማለቱ ነው። በየሰከንዱ፣ ሌላ ፈረስ ወይም ርጥብ ቅጠል አጥሩን በነካ ቁጥር፣ ሲጠጣ የነበረው ፈረስ ከንፈሩ ላይ ይነዘራል። ገንዳው በአጥሩ ድምፅ ተናገረ ያልኳችሁ ይህን ነው። አንድ ማጠጫ በአጥር መስመር ላይ አድርጎ ለሁለት መስክ ማካፈል ርካሽና ብልህ ሥራ ነው፤ ግን በሁለቱም በኩል ጥቂት ሜትር ያህል ኮረንቲው ይቋረጥና በእንጨት ይተካ። ኮረንቲው በዚያ ማለፍ ካለበት ለአጥር ተብሎ በተሠራ ወፍራም ሽፋን ባለው ኬብል፣ ከመሬት በታች ይለፍ። የቤት ሽቦ ሽፋን ያን ሁሉ ሺህ ቮልት አይችልም።

በሰኔ 2012፣ በፈረንጆቹ ጁን 29 ምሽት፣ ያን ኃይለኛ ማዕበል የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት አጡ፤ ለአንዳንዱ ቀናት ፈጀ፣ ያውም በዚያ ሙቀት። ገጠር ያለን ሰዎች ውሃችን ከጉድጓድ ነው፣ ጉድጓዱን የሚስበው ፓምፕ በመብራት ይሠራል። ማጠጫው ውስጥ የቀረውን ፈረሶቹ በአንድ ሰዓት ይጨርሱታል፤ ከዚያ በኋላ «ጎደልኩ» የሚል ዕቃ አይደለም። አጥሩም ዝም ብሎ ይሞታል። አንዳንድ ፈረስ የአጥሩን ቲክ ቲክ ስለሚሰማ ከባለቤቱ ቀድሞ መሞቱን ያውቃል፤ ይህን ያየሁት በራሴ ፈረስ ነው፣ የጎረቤቴ አትክልት ውስጥ አግኝቼው። በርሜል ውሃ ሞልቶ ማስቀመጥ፣ ለአጥሩም ባትሪ ወይም ሶላር መጠባበቂያ መያዝ ያስፈልጋል።

ስለ ዳማዋ ባዝራ ልጨርስ። ማሞቂያው ተቀየረ፣ የመሬት መስመሩ በወጉ ታሰረ፣ መለኪያው ዜሮ አነበበ። ሌሎቹ ፈረሶች በሳምንት ውስጥ ተመለሱ። እሷ አልተመለሰችም። ባልዲውን ማጠጫው አጠገብ አስጠጋነው፣ ፖም ውሃው ውስጥ ጣልን፣ ሌሎቹ ሲጠጡ እንድታይ አደረግን፤ አንገቷን ዘርግታ ታይና ዞር ትላለች። ከዚያ በኋላ ለሦስት ዓመት ጠዋትና ማታ ባልዲ ተሸከምኩላት። ሰው ሰምቶ እንዳይስቅብኝ ቀስ ብዬ አፏጭላት ነበር፣ ጆሮዋንም እቆጥር ነበር። ከዚያ እርሻ የወጣሁ ቀን ለተተካኝ ልጅ የጋጣው ነጭ ሰሌዳ ላይ አንድ መስመር ጻፍኩለት፦ «ዳማዋ፣ ባልዲ ብቻ፣ በቀን 8 ጋሎን፤ ካልጨረሰች ደውልልኝ።» ሁለት ጊዜ ደውሎልኛል።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። መለኪያውን ይዤ መጥቻለሁ፣ ለማየት የፈለገ ወደ ፊት ይምጣ።